ለወጣት የመድኃኒት ተመራማሪዎች፦ ከውሕዱ በፊት የተክሉን ኑሮ አጥኑ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ከዕፅዋት መድኃኒት በመፈለግ የገፋሁ ሰው እንደመሆኔ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፤ ውሕዱን፣ ማለትም መድኃኒት የሚሆነውን ኬሚካል፣ ከመፈለጋችሁ በፊት የተክሉን ኑሮ አጥኑ። ይህን የተማርኩት ከራሴ ጥፋት ነው። በወጣትነቴ ከገበያ የገዛሁትን የቀበሪቾ ሥር ፈጭቼ በባክቴሪያ ላይ ስሞክረው ጥሩ ውጤት አገኘሁ፤ ከወራት በኋላ ከሌላ ነጋዴ የገዛሁት ግን ያንን ኃይል አላሳየም። ሥሩ ከየትኛው ቀበሌና በየትኛው ወር እንደተቆፈረ አንዲት መስመር እንኳ ስላልጻፍኩ የዓመት ድካሜ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ።

ተክል ከሚበላው ተባይ ሸሽቶ ማምለጥ ስለማይችል መከላከያውን በገዛ አካሉ ውስጥ ያዘጋጃል፤ እኛ መድኃኒት የምንለው ብዙ ጊዜ ይህንኑ መከላከያ ነው። መጠኑም እንደ አፈሩ፣ እንደ ድርቁ፣ እንደ ወቅቱና እንደ ተክሉ ዕድሜ ይለዋወጣል።

እንዶድን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ በኋላ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዓመታት የደከሙበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አስገኘላቸው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ነው፦ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን (እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣ የተክል ውሕድ) በፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም፤ ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) ቦዘን ያለውን ውሕድ ሰንጥቆ ኃይለኛ ያደርገዋል። እንደ ልማዳችን ውሕዱን ሜታኖል በተባለው አልኮል ብቻ ያወጣ ሰው ኢንዛይሙን ስለሚያመክነው ያንን ኃይል ሊያጣው ይችላል። የእናቶቻችን አወቃቀጥ፣ እንግዲህ፣ የሥነ ዘዴው አካል ነበር። በዚያ ላይ የሚለቀመው ፍሬ ስለሆነ ተክሉ አይሞትም።

ቅርፊትና ሥር ላይ ግን ነገሩ ይከፋል። ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ምዕራብ ከተሰበሰበ የፓስፊክ ዩው ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ የተላጠ ዛፍ ይሞታል፣ ዛፉም አዝጋሚ አዳጊ ነው። መፍትሔው የመጣው በአውሮፓው ዩው ቅጠል ውስጥ ቅርብ ዘመድ የሆነ ውሕድ ተገኝቶ በቤተ ሙከራ ወደ ታክሶል መለወጥ ሲቻል ነው፤ ቅጠል ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል። በደጋ ደኖቻችን የሚገኘው ጥቁር እንጨትም ለፕሮስቴት መድኃኒት ተብሎ በካሜሩንና በማዳጋስካር ቅርፊቱ ክፉኛ ስለተላጠ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ሥር ገብቷል። ቀበሪቾ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይበቅልም፤ የምንጠቀመውም ሥሩን ነው፤ ያኔ የፈጨሁትን ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ወደ መስክ ስትወጡ ዕውቀቱን ያቆዩትን አዋቂዎች አስፈቅዳችሁና ጠይቃችሁ ግቡ፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998ም የማኅበረሰቡን መብት ይጠብቃል። ናሙናውን ለብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) አስረክቡ፤ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ወሩንና ተክሉ ሴቴ ወይም ወንዴ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። ሥሩን ለመቆፈር ዶማ ከማንሣታችሁ በፊትም ቅጠሉን መርምሩ።