ልዋጭ ያልወሰደውን ለነዳያን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ዕቃው መላወሻ አሳጣን። ቁም ሣጥኑ አይዘጋም፤ ቡፌው "ለእንግዳ" በተባለ ብርጭቆ ተሞልቷል። ካረፈች ሁለት ዓመት የሆናት የእናቴ ሣጥንም እኔ ጋ ነው። ለዐቢይ ጾም መግቢያ ያረጀ ያረጀውን ለቅሜ በቤተ ክርስቲያን በር ላሉ ነዳያን ልሰጥ አሰብኩ። ለመሆኑ ለአንድ ክርስቲያን ስንት ልብስ፣ ስንት ዕቃ ይበቃዋል? ማስቀመጫ አጣሁ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሐሳብሽ መልካም ነው። ከብዙ ምእመናን የምሰማውን አንድ ስሕተት ግን በጥያቄሽ ውስጥ አየሁት። "ያረጀ ያረጀውን ለቅሜ" ብለሻል።

ቤት ማጽዳት ሌላ ነው፤ ምጽዋት ሌላ። ከበዓል ማግስት በአጥር ሥር በማዳበሪያ የተተወ ልብስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዚፑ የተበላሸ ሱሪ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ ታጥቦ እንኳ ያልመጣ የሕፃን ልብስ። ልዋጭ አገላብጦ የመለሰው ነው እኮ! ያመጣው ሰው መጽውቻለሁ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። እዚያ የተቀመጡት እናቶች ግን ማዳበሪያውን ፈተው ሲያዩ አንገታቸውን ይደፋሉ። ጌታ "ታርዤ አልብሳችሁኛል" ያለው (ማቴ. 25፥36) ራሱን ከእነሱ ጋር ቆጥሮ ነው። ታዲያ ዚፕ የሌለው ሱሪ ለእርሱ ይቀርባል? በሚልክያስ ዘመንም ዕውርና አንካሳ እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። እግዚአብሔር ይህንኑ እስኪ ለአለቃችሁ አቅርቡት፣ ይቀበላችሁ እንደሆነ ብሎ ነው የወቀሳቸው (1፥8)።

ስለዚህ የተሰበረውን ለቆራሌው ስጪ። የተቀደደውን መወልወያ አድርጊው፤ ነውር የለበትም። ለነዳያን ግን ከደህናው አውጪ፤ ስታወጪው ቅር ከሚልሽ። እጠቢው፣ ተኩሺው፣ በእጅሽ ስጪ። ከቤተ ክርስቲያን በር በፊትም የብሎካችሁን ጥበቃ እይው፤ ሌሊት ምን ለብሶ ነው የሚያድረው?

"ስንት ይበቃል?" ላልሽው ቁጥር ብሰጥሽ ደስ ይልሽ ነበር። ቆጥረሽ ታርፊያለሽና። መጥምቁ ዮሐንስ "ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል" ሲል (ሉቃ. 3፥11) ዓይኑ የሌለው ሰው ላይ ነበር። በሉቃስ 12 ያለውን ባለጸጋ አስታውሺው። እሱንም ያስጨነቀው እንዳንቺው የማስቀመጫ ጥበት ነበር። "ምን ላድርግ?" ብሎ የጠየቀውም ያንኑ ያንቺን ጥያቄ ነው። ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ ነፍሴ ሲል ከራሱ በቀር ሌላ ሰው በሐሳቡ አልነበረም። ጎተራውን ሊያሰፋ አስቦ በዚያው ሌሊት ተጠራ። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት ይህን ክፍል ሲያስተምር፣ በሣጥንህ የቆለፍከው ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት ነው፣ ቤትህ የሚበሰብሰው ጫማ ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ንብረት ነው ብሏል። ይህን ሳነብ የራሴን ቁም ሣጥን መክፈት ይከብደኛል።

ይህን ሰምተሽ ግን ቤቱን ባዶ ለማድረግ አትነሺ። ባልና ልጆች አሉሽ እንደሆነ ተመካከሩ። አባ እንጦንስ እንኳ ሀብቱን ሰጥቶ ሲመንን፣ እኅቱን ለደናግል አደራ ብሎ ነው የወጣው። ባዶ ቤት በራሱ ጽድቅ አይደለም። አሮጌውን አስወጥቶ በወሩ አዲስ የሚያስገባም ብዙ አይቻለሁ። ብርጭቆዎቹን አውጥታችሁ ጠጡባቸው። የሚተርፋችሁን ጎጆ ለምትወጣ ልጅ ስጪ።

አሁን ወደ ሣጥኑ ልምጣ። ከሁሉም የከበደሽ እሱ ይመስለኛል። እናትሽን ከቤት የምታስወጪ መስሎሽ ነው አይደል? ጣቢታ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። መታሰቢያዋ የነበረው በሰው ገላ ላይ ነው። ጋቢዋንና ቀሚሶቿን ብል ሳይበላቸው አውጪ፤ ለሚበርዳቸው አሮጊቶች ስጪላት፣ ስሟን ጠርተው ነፍስ ይማር ይበሏት። አትቸኩይ፤ ዛሬ አንዱን፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን። ማልቀስ ከመጣብሽም አልቅሺ። ነጠላዋን ግን ለማንም አትስጪ። እሑድ አንቺው ለብሰሽው ቅዳሴ ነይ።