የጋምቦ ቁሌት ለምን ያርራል?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት የሚሠራውን ጋምቦ የተባለ የዶሮና የቋሊማ ወጥ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። በመጀመሪያው ዱቄቱ አርሮ መረረብኝ። በሁለተኛው ፈርቼ ቶሎ ሳወጣው ወጡ ነጣ፣ ጥሬ ዱቄት ጥሬ ዱቄት አለ፤ ዘይቱም ከላይ ተንሳፈፈ። ጥፋቴ ምን ላይ ነው? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ያለ ቁሌቱ ጋምቦ የለምና እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንመልስልዎ። እዚያ አገር «ሩ» የሚሉት ይህ ቁሌት ዘይትና ዱቄት ብቻ ነው። ከ6 እስከ 8 ሰው ለሚበቃ ድስት 1 ኩባያ ዘይትና 1 ኩባያ ፉርኖ ዱቄት ይያዙ። ወፍጮ ቤት አስፈጭተው ያመጡት ስንዴ አይሁን፤ ፉርሽካው ከዱቄቱ ቀድሞ ያርራል። ንጥር ቅቤም አንመክርም፤ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ይሸፍነዋል። ድስቱ መቀመጫው ወፍራም የሆነ ብረት ይሁን። ሸክላ ድስት ከእሳት ከወረደ በኋላም ሙቀቱን ስለማይለቅ፣ «በቃ» ካሉት በኋላ ቁሌቱ መጥቆሩን ይቀጥላል።

ከመጀመርዎ በፊት 2 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 የፈረንጅ ቃሪያና 2 ዘንግ ሰለሪ ከትፈው አጠገብዎ ያስቀምጡ። ሰለሪ ካጡ የፐርሰሜሎ ግንድ ይተካዋል። ዘይቱን በመካከለኛ እሳት አሙቀው ዱቄቱን ይጨምሩ፤ ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርገው በእንጨት ማማሰያ የድስቱን ቂጥና ጥጋጥጉን ሳያቋርጡ ያማስሉ። በ20 ደቂቃ አካባቢ የተፈጨ ኦቾሎኒ ይመስላል፣ የፈንዲሻ ሽታም ይሰጣል። እርስዎ ያወጡት ከዚህም በፊት ሳይሆን አይቀርም። ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቸኮሌት ይመስላል፤ አረፋው ይደቅቃል፣ ወፍሮ የነበረው ለጥ ብሎ መፍሰስ ይጀምራል። የሚፈለገው ይህ ነው።

ዶሮ ወጥ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሽንኩርት ሲይዝብን ውሃ ጠብ እናደርጋለን፤ በዚህ ቁሌት ላይ ግን ፈጽሞ አይሞክሩት። ዘይቱ ከውሃ መፍያ እጅግ አልፎ ስለሚግል ጠብታው ፈንድቶ ፊትና ክንድ ያቃጥላል። ከያዘ ድስቱን ከእሳት አንስተው ማማሰልዎን ይቀጥሉ። ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ግን አርሯልና ይድፉት። ሽንኩርትም ሆነ ቅመም ምሬቱን አያነሳውም፤ የሚባክነው ዶሮውና ቋሊማው ነው።

ቀለሙ እንደደረሰ የከተፉትን አትክልት በአንድ ጊዜ ይጨምሩ፤ ውሃው ሙቀቱን ስለሚያወርደው መጥቆሩ ይቆማል። 8 ደቂቃ ካቁላሉ በኋላ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይከተላል። ዘይቱ የተንሳፈፈብዎ ቀዝቃዛ መረቅ በአንዴ ገልብጠውበት ሊሆን ይችላል። ሞቅ ያለ መረቅ በጭልፋ፣ በጭልፋ እያማሰሉ ያዋህዱት። እንዲያም ሆኖ ጥቂት ዘይት መውጣቱ አይቀርም፤ 30 ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ ከላይ ይቅፈፉት። ቁሌቱ በጠቆረ ቁጥር በዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች ስለሚሰባበር የማወፈር ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ ለጠቆረው 2 ሊትር መረቅ ይበቃዋል፤ ቀላ ያለው እስከ 2 ሊትር ተኩል ይሸከማል።

ጥያቄ፦ የአሠራር መመሪያው «ዶሮው በ45 ደቂቃ ይበስላል» ይላል፤ የእኔ እንደ ጎማ ሆነ። ባሚያውም ተዝለገለገብኝ። (ከዘጌ)

መልስ፦ የተባለው ሰዓት ለብሮይለር፣ ማለትም ለሥጋ ተብሎ በእርባታ ለሚያድገው ዶሮ ነው፤ እርስዎ የሠሩት በሐበሻ ዶሮ ይመስለናል። የጣና ዳርቻ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሥጋ ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል። የሐበሻ ዶሮ ከሆነ አስቀድመው ለብቻው በ3 ሊትር ውሃ ከአንድ ሽንኩርትና ከጥቂት ጦስኝ ጋር ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይቀቅሉት። ያረጀች ዶሮ ከዚያም በላይ ትፈልጋለች። ውሃው መረቅዎ ይሆናል፤ ሥጋውን ከአጥንት ለይተው በመጨረሻው 15 ደቂቃ ይመልሱት።

ባሚያውን (250 ግራም) አጥበው በጨርቅ ሳያደርቁ እንዳይከትፉት፤ ውሃ ሲነካው ይብስበታል። በ2 ማንኪያ ዘይት ለብቻው፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ አክለው፣ ክሩ እስኪጠፋ 15 ደቂቃ ያህል ያቁላሉት። አይተዉት፤ «ጋምቦ» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ባሚያ ከሚጠራበት የአፍሪካ ቃል ነው። እርጥቡን ካጡ ሱዳኖች «ወይካ» የሚሉት የደረቀ የባሚያ ዱቄት አለ፤ በመተማ በኩል የሚመላለስ ዘመድ ካለዎት ያስመጡ። 1 የሾርባ ማንኪያ እየነሰነሱ በፍጥነት ያማስሉ፤ በአንዴ ከጨመሩት ይጓጉላል።

ጥያቄ፦ በጭስ የታጠነ ቋሊማ አላገኘሁም፤ የአሳማ ደግሞ አንበላም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የበሬ ሥጋ ቋሊማ ይበቃዎታል፤ 400 ግራም ይያዙ። ጭሱን የወተት ዕቃ በምናጥንበት በወይራ ያገኙታል። ደጅ ላይ ፍም በትንሽ ቆርቆሮ አድርገው በአሮጌ ድስት ውስጥ ያስቀምጡ፤ የወይራ ስንጥር ጣል አድርገው ቋሊማውን ከጎኑ በሳህን ያኑሩና 10 ደቂቃ ይክደኑት። ቤት ውስጥ አይሞክሩት፤ የከሰል ጭስ ይገድላል። ከዚያ በጣት ውፍረት ቆራርጠው ሁለቱም ገጽ እስኪቀላና መሃሉ እስኪበስል ይጥበሱት። ቤት የተሠራ፣ በርበሬና ሚጥሚጣ የገባበት ከሆነ ወጡ ላይ ሌላ ቅመም አይጨምሩ። ጨው የሚቀመሰው ቋሊማው ገብቶ 20 ደቂቃ ከተንተከተከ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ሩዙን ከወጡ ጋር አብሬ ልቀቅለው? (ከወረታ)

መልስ፦ አይ። የፎገራ ሩዝ መረቁን መጥጦ ድስቱን ገንፎ ያደርገዋል። ለብቻው ቀቅለው፣ በየሳህኑ ግማሽ ኩባያ አድርገው ጋምቦውን ከላይ ያፍስሱ።

ጥያቄ፦ ዶሮ በማይበላበት ሰሞን በጣና ዓሣ ይሠራል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በደንብ ይሠራል። ቁሌቱ ያው ነው፤ መረቁን ግን በዓሣው ጭንቅላትና አጥንት ይሥሩ፣ መተንፈሻ ስንጥቦቹን አውጥተው። ከ25 ደቂቃ በላይ አይቀቅሉት፤ ይመራል። ቀረሶ ቶሎ ስለሚፈረካከስ አምባዛ ይሻላል። ሥጋውን ሌላው ሁሉ ከበሰለ በኋላ ጨምረው 8 ደቂቃ ብቻ ይተዉት፤ ማማሰያ አያስገቡ፣ ድስቱን በጆሮው ይዘው ወዝወዝ ያድርጉት።