ብቻችሁን አትያዙት
በባህር ዳርና በጣና ዙሪያ ለምትማሩ ልጆቼ

እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ? እኔ የሥራ ዘመኔን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ መጀመሪያ በመምህርነት፣ በኋላም በጋይዳንስ ቢሮ ያሳለፍኩ ጡረተኛ ነኝ። ብዙዎቻችሁ የጋይዳንስ ቢሮን የምታውቁት ስታረፍዱ ወይም ስትጣሉ «ወላጅ ይዘህ ና» የሚባልበት ክፍል ሆኖ ነው። ቢሮው የተከፈተው ግን ለዚህ አልነበረም፤ ተማሪ የከበደውን ነገር እንዲያራግፍበት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁም በዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ደጋግሜ ስለምለው አንድ ነገር ነው፦ ውስጣችሁ ሲታመም ለአንድ ትልቅ ሰው ቶሎ ንገሩ።

ተማሪ «ተጨንቄያለሁ» ብሎ አይመጣም። «ራሴን አሞኛል፣ ፈቃድ ይስጡኝ» ነው የሚለው። ወይም ጨጓራዬ፣ ወይም ልቤ ይመታል፣ ወይም እንቅልፍ ክፍል ውስጥ ይጥለኛል እያለ ሌሊት ግን ሳይተኛ ያድራል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱና ተመርመሩ፤ ታይፎይድም፣ ደም ማነስም፣ የዓይን ድካምም ሊሆን ይችላል። ምርመራው ነጻ ናችሁ ብሎ ሕመሙ ግን ሰኞ ጠዋት በመጣ ቁጥር የሚመለስ ከሆነ፣ ያኔ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት። ይህን የዓለም አማካይ ይዛችሁ 60 ተማሪ የተቀመጠበትን ክፍላችሁን አስቡት፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ልጅ ማለት ነው። እነማን እንደሆኑ በመልካቸው አታውቋቸውም። አንዳንዶቹ ከፊት ወንበር ተቀምጠው እጃቸውን የሚያወጡት ናቸው።

ከገጠር መጥታችሁ ተከራይታችሁ የምትማሩትን በተለይ አስባችኋለሁ። አሥራ አራት አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላችሁ ከእናታችሁ ጓዳ ወጥታችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አንዲት ክፍል ትከራያላችሁ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤተሰብ፣ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክማችሁ ወደ ከተማ። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይደርሳል፣ ከዚያ ድርቆሽ፣ ከዚያ በሶ። መንገድ የተዘጋ ሳምንት ደግሞ እሱም የለም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ራሱን የሚደፋ ተማሪ ሲታይ ሰነፍ ይባላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ቁርስ መብላቱን ነበር። ሴቶች ልጆቼ ላይ ሌላም ይጨመራል፦ ውኃ መቅዳቱና ማብሰሉ፣ የመሸበት መንገድ፣ በሩ ከውስጥ የማይዘጋ ክፍል። እንዲህ ያለ ኑሮ ማንንም ያሳስባል፤ ማሳሰቡ ደካማ አያደርጋችሁም። አብራችሁ የምትኖሩ ልጆች ተነጋገሩ። ማን ስንቁ እንዳለቀበት፣ ማን ከቤት ክፉ ወሬ እንደሰማ ታውቁ ዘንድ አንድ ምሽት ስልኩን አስቀምጡና አብራችሁ ብሉ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የደረሰውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት፣ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ፣ ሰው የሞተበት፣ ቤቱን ጥሎ ወደ ባህር ዳር የመጣ በየክፍላችሁ አለ። ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ የሚደነግጥ፣ ቅዠት የሚያስነሳው፣ መጽሐፍ ገልጦ አንዲት ገጽ መጨረስ ያቃተው ልጅ ፈሪም ሰነፍም አይደለም። አካሉ አሁንም ራሱን እየጠበቀ ነው። ብዙው ሰው ደህንነት ሲሰማው፣ ሰው ሲያቅፈውና ቀኑ መልክ ሲይዝለት ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ወራት አልፎም ካልተሻለው ሕክምና አለው። «አንተን ብቻ ነው እንዴ የደረሰብህ?» የሚል ቃል ግን ከአፋችሁ አይውጣ።

ስለ ፈተናም ልንገራችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዚያ ዙር ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የተፈተኑትም ከመቶ 5.4። ከመቶ ልጅ ዘጠና አምስት ገደማ የወደቀበት ፈተና ያንድ ልጅ ጭንቅላት መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ መጽሐፍ ስላልደረሰበት ክፍል፣ ቤተ ሙከራ ስለሌለው ትምህርት ቤት፣ ስለተቋረጠው ዓመትም ይናገራል። ቤት ውስጥ ግን «የእገሌ ልጅ አለፈች» የሚለው ወሬ ብቻ ነው የሚደርሰው። አባታችሁ በሬ ሸጦ እንዳስተማራችሁ ስለምታውቁ፣ ውጤቱ የእናንተ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ ሁሉ ፍርድ ይመስላችኋል። ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ ውጤት በሚለቀቅበት ሳምንት ማንም ልጅ ስልኩን ይዞ ብቻውን እንዳይቀመጥ። አብራችሁ እዩ። የወደቀውን ጓደኛችሁን ቤቱ ድረስ ሸኙት፣ በማግሥቱም ሄዳችሁ ጠይቁት። ሪሚዲያሉም (ላላለፉ ተማሪዎች የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት)፣ በግል መፈተኑም፣ ቴክኒክና ሙያውም በሌላ ቀን ይወራል፤ ያን ዕለት ያ ልጅ የሚያስፈልገው አብሮት የሚቀመጥ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ጓደኛችሁ ዝም ሲል ምን ታደርጋላችሁ? ይስቅ የነበረው መሳቅ ሲተው፣ ኳስ ሲጠሩት «ደክሞኛል» ሲል፣ ልብሱንና ንጽሕናውን ሲጥል፣ በትንሽ በትልቁ ሲቆጣ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ሲጀምር አትለፉት። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ እንደ መርማሪ አትጠይቁት። ከጊዮርጊስ ወዲያ ያለውን የጣና ዳር ይዛችሁ አብራችሁ ተራመዱ፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ዓይን ለዓይን ከሚተያይ ሰው ይልቅ ይናገራል። «ሰሞኑን ዝም ብለሃል፣ ምን ሆነህ ነው?» በሉት። መጀመሪያ «ምንም» ይላል። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ጠይቁት። ሁለተኛው ጥያቄ ከልባችሁ መሆኑን ያሳየዋል።

መናገር ሲጀምር አታቋርጡት። የራሳችሁን ታሪክ አታምጡ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ቻል አድርጊው»፣ «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» አትበሉ። አይዞህ ማለት መልካም ነው፣ ግን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ይሁን፤ ቶሎ የመጣ አይዞህ አፍ ያዘጋል።

ንግግሩ ተስፋ የቆረጠ ከመሰላችሁ፣ «መኖር አስጠልቶሃል? ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል ብለው ብዙዎች ይፈራሉ። አያስገባበትም። የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች በሰፊው የሚስማሙበት ነገር ነው፤ የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ እፎይ ይላል፣ ብቻውን የተሸከመውን የሚያካፍለው አግኝቷልና። መልሱ «አዎ» ከሆነ ለብቻው አትተዉት፣ ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ ለትልቅ ሰውም በዚያው ቀን ንገሩ። ነገ አትበሉ። «ለማንም እንዳትናገር፣ ማልልኝ» ቢላችሁ አትማሉ። «ለወሬ አላወጣውም፤ ለሚረዳህ ሰው ግን አብረን እንነግራለን» በሉት። ሊቀየማችሁ ይችላል። ይቀየም። ልጅ ሆናችሁ የሰው ሕይወት ለብቻችሁ መሸከም አትችሉም፤ ማንም ይህን ከእናንተ ሊጠብቅ አይገባም።

ለማን ይነገር? በስማችሁ የሚጠራችሁ መምህር፣ አክስት፣ አጎት፣ የንስሐ አባት፣ ሼህ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ አከራይ እናታችሁ። የጋይዳንስ መምህራችሁም ደህና ሰው ከሆነ እሰየው። የመጀመሪያው ሰው «ዕድሜ ነው፣ ያልፋል» ብሎ ቢመልሳችሁ ወደ ሁለተኛው ሂዱ። ሁለተኛውም ካልሰማ ወደ ሦስተኛው። ይህን የምለው ትልቅ ሰው ሁሉ መስማት ያውቃል ብዬ ስለማልዋሻችሁ ነው። እኛ ችግርን ሆድ ይፍጀው ብለን ያደግን ነን፤ የልጅ ጭንቀት ሲነገረን የምንደነግጥም ብዙ ነን። አንዱ ዘጋባችሁ ማለት በሩ ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም።

ጫትን በሁለት ቃል ልለፈው። በአካባቢያችን በቅርብ ስለሚገኝ ለጥናት ይጠቅማል ተብሎ ይያዛል። ያነቃል፤ ግን እንቅልፍ ይወስዳል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ሲለቅ ደግሞ ድብርቱና ንጭንጩ ይመጣል፤ የተጨነቀን ልጅ ይበልጥ ያስጨንቀዋል። በእናንተ ዕድሜ ያለ ሰው በየሌሊቱ በድምሩ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ያህል መተኛት ያስፈልገዋል። ያነበባችሁት ነገር የሚጸናውም በእንቅልፍ ነው።

ጠበልን በሚመለከት ብዙ ልጆች በሁለት ሰዎች መካከል ተይዘው አይቻለሁ፤ እናት ወደ ጠበል፣ ሐኪም ወደ ሆስፒታል። ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም። ጸሎታችሁን አድርጉ፣ ጠበሉንም ተጠመቁ፤ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። የድብርት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው አይሠራም፤ ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ሰውም የሚያቋርጠው እዚያው መጀመሪያ ላይ «አልሠራልኝም» ብሎ ነው። በታዘዘው መጠን የሚወሰድ የድብርት መድኃኒት ሱሰኛ አያደርግም። ለብዙዎች ደግሞ ያለ መድኃኒት ከባለሙያ ጋር መነጋገሩ ብቻ ይበቃል፤ ይህን የሚለየው ባለሙያው ነው። የታመመውን አስረው ወይም ደብድበው «እናድነዋለን» የሚሉ ካጋጠሟችሁ ግን ዝም አትበሉ፣ ጤና ጣቢያ ተናገሩ።

ከእናንተ መካከል ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ፣ ዘንድሮ ተመርቃችሁ መምህር የምትሆኑም አላችሁ። በመጀመሪያው ወር የተማሪዎቻችሁን ስም አጥኑ። ቀርቶ ሲመለስ «የት ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቀው መምህር ያለው ልጅ፣ በከፋው ቀን የሚሄድበት ሰው አለው።

ይህን እያነበባችሁ «እኔን ነው» ያላችሁ ካላችሁ፣ ብዙ ማብራራት አይጠበቅባችሁም። ባህር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከዚያ በፊት ግን በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል፣ ካስፈለገ እነሱ ይልኳችኋል። የምታምኑትን አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ካርድ አውጥታችሁ ስትገቡ ምን እንደምትሉ ከጨነቃችሁ፣ «እንቅልፍ እምቢ ካለኝ ቆይቷል፣ ምንም ነገር ደስ አይለኝም» በሉ። የቀረውን ሐኪሙ ይጠይቃችኋል። አፋችሁ አልናገር ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።