«ዳሌሽ በካሜራ ይሠራ» ተባልኩ፤ ልሠራው?

ጥያቄ፦ 37 ዓመቴ ነው። ከሚኒባስ ስወርድና ጫማዬን ለማሰር ስጎነበስ ቀኝ ብሽሽቴን ውግት ያደርገኛል። ኤምአርአይ ተነሳሁና «የዳሌሽ መገጣጠሚያ ዳሩ ተቀዷል፣ አርትሮስኮፒ (በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ያስፈልግሻል» አሉኝ። ልሠራው? ፈርቻለሁ።
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ብትፈሪ አይፈረድብሽም። ሲሠራ ሰመመን ይሰጥሻል፤ ከዚያ እግርሽ ይጎተትና የጭንሽ አጥንት ራስ ከማቀፊያው 1 ሴንቲሜትር ያህል ይላቀቃል፣ በ2 ወይም 3 ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ይገባል። የተቀደደብሽ ላብረም የሚባለው ነው። የማቀፊያውን አፍ ዙሪያውን ይዞታል፣ ልክ የፕሬዠር ድስት ክዳን ላይ እንዳለው ጎማ። እሱ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ትርፍ አጥንት በተጎነበስሽ ቁጥር እየተጋጨበት ስለሆነ ያ አጥንትም ይሞረዳል፤ ካልተሞረደ ስፌቱ ብቻውን ብዙም አይጠቅምሽም።

እኔን ግን ከቅዱ በላይ የሚያሳስበኝ አጥንቱን የሚሸፍነው ካርቲሌጅ ነው። እሱ ካለቀ ካሜራ አይመልሰውም። የቴኒሱ አንዲ መሪ በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሜልቦርን ላይ ዳሌውን በዚሁ መንገድ ተሠራ፣ ሕመሙ ግን አለቀቀውም፤ ከዓመት በኋላ ለንደን ላይ መገጣጠሚያውን ብረት አስለበሰ። ስለዚህ ራጅሽን ይዘሽ ሐኪምሽን «በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ስንት ሚሊሜትር ነው?» በይው፤ ካርቲሌጁ ባለቀ ቁጥር ክፍተቱ ይጠባል። ከ2 በታች ከሆነ ብዙ ሐኪሞች ይህን ቀዶ ሕክምና አይመክሩም።

ሌላም ነገር አለ። ምንም የማያማቸው ሰዎች ኤምአርአይ ላይም እንዲህ ያለ ቅድ ይታያል። መገጣጠሚያው ውስጥ ማደንዘዣ ተወግተሽ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ጥፍት ካለ ምንጩ እዚያው ነው፤ ካልጠፋ ወገብሽም ይታይ።

ፊዚዮቴራፒ ሞክረሻል? አልጻፍሽልኝም። በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ የእንግሊዝ ጥናት 348 ሰዎች ተወዳድረው ከዓመት በኋላ የተሠሩት የበለጠ ተሽሏቸዋል፣ ፊዚዮ የሠሩትም ግን ተሽሏቸው ነበር። እኔ ብሆን ፊዚዮውን 3 ወር በደንብ ሳልሠራ ቢላ ስር አልገባም።

ከወሰንሽ ደግሞ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ለጥቂት ሳምንት ክራንች አለ፣ ስፖርት ለመጀመር ግን ወራት ይፈጃል። እግሩ ስለሚጎተት ብሽሽትሽና ጭንሽ አካባቢ ሊደነዝዝ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። ቤትሽ ፎቅ ላይ ከሆነ በክራንች ደረጃ መውጣትና መውረድ ከመሠራትሽ በፊት ተለማመጂ፤ ደህናው እግርሽ ወደ ላይ ይቀድማል፣ ሲወረድ የታመመው።