ልጁ አልዞረም ለተባልሽው እህቴ

አይዞሽ። በ34 ሳምንት ልጁ መቀመጫው ወደ ታች ነው ተባልኩ፣ ሆዴን ልታሽ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ አትታሺ! የሰፈር እናቶች እጃቸው የለመደ ቢሆንም ውስጡን አያዩም፤ በኃይል ሲገፋ እንግዴ ልጁ ከማህፀን ሊላቀቅና ደም ሊፈስሽ ይችላል።

ደግሞ ገና ጊዜ አለሽ። ብዙዎቹ እስከ 36 ሳምንት ራሳቸው ይዞራሉ፣ መውለጃው ሲደርስ እንደዚያው የሚቀሩት ከ100 ሦስት ወይ አራት ቢሆኑ ነው። ተንበርክኮ መቀመጫን ከፍ ማድረግ ያዞረዋል የሚባለው ግን የረባ ማስረጃ የለውም።

በ37 ሳምንት ገደማም ካልዞረ ከውጭ በእጅ ማዞር ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። እኔ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ተደርጎልኛል። መጀመሪያ ማህፀን የሚያላላ መርፌ ወጉኝ፣ ከዚያ ሐኪሟ የልጄን ጭንቅላትና መቀመጫ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ገፋች፣ አልትራሳውንዱ ላይ ልቧ ድው ድው ሲል እያየሁ። ያማል፣ አልዋሽሽም፣ ግን የደቂቃዎች ነገር ነው። ግማሽ ያህሉ ይሳካል። ኦፕራሲዮን የሚሠራበት ሆስፒታል ካልሆነ ግን እንዳትሞክሪው።

የሽርት ውሃሽ ከፈሰሰ ምጥ አትጠብቂ፣ ወዲያው ሂጂ፤ እትብቱ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል።