ጥያቄና መልስ፦ የተራራ በረዶ ገቢና ወጪ

ስለ ኪሊማንጃሮ በረዶ መመናመን ከጻፍኩ ወዲህ ከድሬዳዋም ከሐረርም ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ከመካከላቸው አምስቱን ዛሬ እመልሳለሁ።

«በክረምት በረዶ ሲጥል ግቢያችን ይነጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን የለም። የተራራው ለምን ይቆያል?» (አንዲት እናት፣ ሐረር ሸንኮር)

እናቴ፣ ዋናው ነገር ከፍታው ነው። ከድሬ ተነስቶ ደንገጎን የወጣ ሰው ሁሉ አየሩ ሲለወጥ ያውቀዋል። 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በእኛ የምድር ክፍል አየሩ ዜሮ ዲግሪ ላይ የሚደርሰው ወደ 4,800 ሜትር ገደማ ሲወጣ ነው። ሐረር ያለችው 1,900 ሜትር አካባቢ ስለሆነ በረዶው የሚያርፈው ሞቃት መሬት ላይ ነው።

እጅግ ከፍ ባሉ ተራሮች ላይ ግን የዘንድሮው ሳያልቅ የከርሞው ይደረብበታል። የታችኛው በላዩ ክብደት እየተጫነ፣ በውስጡ ያለው አየር እየወጣለት፣ ከዓመታት በኋላ ጠጣር ይሆናል። ሲወፍር ደግሞ በገዛ ክብደቱ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ግግር በረዶ ማለት ይህ ነው። ላይኛው ክፍሉ ገቢ፣ ማለትም አዲስ በረዶ የሚሰበስብበት፣ ታችኛው እየቀለጠ ወጪ የሚያደርግበት ነው። የምድር ሙቀት ሲጨምር ሁለቱን የሚለየው መስመር ወደ ላይ ይሸሻል፤ ገቢ የሚሰበሰብበትም ቦታ ይጠባል።

«የኪሊማንጃሮ ጫፍ ከዜሮ በታች ከሆነ በረዶው እንዴት ያልቃል?» (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሳቢያን)

ይህን መጠየቅህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ጽሑፍ ሳያነሳው ያልፋልና። 5,895 ሜትር ላይ ያለው አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ገደማ ነው። በረዶ ግን ለማለቅ የግድ መቅለጥ የለበትም። ደረቅ አየርና ብርቱ ፀሐይ ካገኘው ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ተንኖ ይሄዳል። አንድ ኪሎ በረዶ በዚህ መንገድ እንዲተን የሚፈጀው ሙቀት ለማቅለጥ ከሚበቃው ከ8 እጥፍ በላይ ስለሆነ ሂደቱ አዝጋሚ ነው፤ ግን አያቋርጥም።

ጉዳቱ የሚብሰው የሚተካው ሲቀር ነው። አዲስ የወረደ ንጹሕ በረዶ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን 80 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ ወደ ሰማይ ይመልሳል። ያረጀና አቧራ የለበሰ በረዶ ግን አብዛኛውን ይውጠዋል። ስለዚህ በረዶ የሚጥልበት ወቅት ሲደርቅ ተራራው ገቢውንም ከፀሐይ የሚከልለውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1912 ከነበረው ሽፋን 85 በመቶው በ2007 አልነበረም።

የምድር መሞቅ ድርሻ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ከኪሊማንጃሮ ዝቅ በሚሉት በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ በረዶው በብዛት የሚያልቀው በመቅለጥ ነው። በአፍሪካ ግግር በረዶ የቀረው በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ብቻ ነው።

«በረዷቸው የጨመረ ተራሮች አሉ ሲባል ሰምቻለሁ። ታዲያ የአየር ንብረት ለውጡ ውሸት ነው?» (ከከዚራ)

መጨመራቸው እውነት ነው፤ የተደረሰበት ድምዳሜ ግን ልክ አይደለም። በምዕራብ ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ክረምቱ በረዶ ስለበዛበት አንዳንድ ግግሮች ወደፊት ገፍተው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ግን አፈግፍገዋል። የዓለምን ሁሉ ስንደምር፣ የግሪንላንድንና የአንታርክቲካን ታላላቅ ንጣፎች ሳይጨምር፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2023 በየዓመቱ በአማካይ 273 ቢሊዮን ቶን በረዶ ጠፍቷል።

«ኢትዮጵያም ግግር በረዶ ነበራት ይባላል?» (አንድ መምህር፣ ጀጎል)

ነበራት፣ መምህር። በሰሜን ተራሮችም በባሌም ግግሩ እየገፋ የከመራቸው ድንጋዮች ዛሬም ይታያሉ። በባሌ ሳነቴ ሜዳ ላይ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰፊ ግግር ተኝቶ ነበር። ያኔ አካባቢው ከዛሬው ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ይቀዘቅዝ ነበር። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ፍንጫ ሀበራ የተባለው ዋሻ ነው። በዚያው ዘመን፣ ከ3,400 ሜትር በላይ፣ ከበረዶው ብዙም ሳይርቁ ሰዎች ኖረውበታል፤ ግዙፉን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ዛሬ የባሌ ከፍተኛ ጫፍ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ስለሆነ በረዶ ቢጥልበትም አይሰነብትም።

«እኛ የበረዶ ተራራ የለን። ይህ ሁሉ ምን ያገባናል?» (ከገንደ ቆሬ)

በቀጥታ አያገባንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ብዙ ወገኖቻችንን የነጠቀን በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የመጣው ከላይ ደጋው ላይ ከጣለ ከባድ ዝናብ ነው። ድሬዳዋ ውሃ የምታገኝባቸው የሳቢያን ጉድጓዶችም የሚሞሉት በዝናብ ነው።

ሒሳቡ ግን አንድ ነው። ሐረማያ ሐይቅን አስቡት። በመስኖና በከተማ ውሃ ፍላጎት ወጪው ከገቢው በልጦ፣ በጎርፍ የመጣው ደለልም ሞልቶት፣ ዓይናችን እያየ ደረቀ። ከዓመታት በኋላ ውሃው በከፊል ተመልሷል፤ እኔም እጅግ ደስ ብሎኛል። ግግር በረዶን የሚከታተሉ ባለሙያዎች በረዶው ውስጥ እንጨት ተክለው ስንት እንደወረደ በየዓመቱ ይለካሉ፤ ውጤቱንም ለሁሉም ይፋ ያደርጋሉ። የሐረማያን፣ የሳቢያን ጉድጓዶችንም የውሃ ከፍታ በየዓመቱ ለክቶ ለነዋሪው ማሳወቅ ይቻላል። ይህን ከሚመለከታቸው ሁሉ እጠይቃለሁ።