ሲም ካርዱ በማን ስም ነው?

ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆቼ፣

ባለፈው አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ ቤቴ መጣች። የሰፈሯ ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው፣ በቅርቡ ጸሐፊ አድርጎ መርጧታል። «ጋሼ፣ ሁሉንም ነገር ወደ ስልክ ላዛውረው ነው። ከየት ልጀምር?» አለችኝ። ወሬው ሲጀመር ቡናው አቦል ላይ ነበር፤ በረካው ተጠጥቶም አላለቀም። ያኔ ያልኳትን፣ እሷ ከወጣች በኋላም ትዝ ያለኝን እዚህ ልጻፈው። እንደሷ የሚያስቡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

እኔ የሒሳብ ሰው ነበርኩ። ከ30 ዓመት በላይ፣ ግማሹን ደሴ፣ ግማሹን የሐረጎን ቁልቁለት እየወረድኩ ኮምቦልቻ፣ ሌጀር ስሞላ ኖሬያለሁ። ጡረታ ስወጣ ጎረቤቶቼ «እስክሪብቶ እንዳይናፍቅህ» ብለው የቅሬያችን ጸሐፊ አደረጉኝ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቅሬ ገብቶ አብሮ የሚቀብርበት ሰፈር ላደገ ሰው፣ ይሄ ማኅበር ከመንግሥት ቢሮ በላይ ነው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ የሁሉም ነው። የማንም ያልሆነ ግን አንድም ማንኪያ የለውም። ይህችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ።

የሰፈራችን አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር። ኮምፒውተር በእጁ ይታዘዝለታል። «እኔ አዘምንላችኋለሁ» አለ፤ አጨበጨብንለት። በሁለት ሳምንት የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። የአባላቱን ዝርዝር ኤክሴል ላይ አስገባ። ያልከፈለ በቀይ፣ የከፈለ በአረንጓዴ ይታያል። እኔም ኩራቴ ወደር አጣ። አሮጌውን መዝገብ መሙላቱን ተውኩት። ልክ በአራተኛው ወር ልጁ ቪዛ ወጣለትና ዐረብ አገር ሄደ።

አልከዳንም፤ ስንደውልለት ያነሳ ነበር። ግን የግሩፑ አድሚን እሱ ብቻ ነው። ግሩፑ የተከፈተበት ሲም ካርድ በእሱ ስም ነው፤ እሱም ሳይሞላ ከርሞ ተዘጋ። የኤክሴሉ ፋይል የይለፍ ቃል ነበረው፤ ከሁለት ቃል የትኛው እንደሆነ ረስቶታል። የአራት ወር መዋጮ ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ? ቤት ለቤት እየዞርኩ «ከፍለዋል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። 30 ዓመት ሒሳብ የሠራ ሰው፣ በስተርጅና ሰው ራሱ በነገረው ሒሳብ ዘጋ። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። እኔ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም፤ ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? ብረት ድስቱን አንድ ሰው በስሙ አስመዝግቦ ቤቱ ቢያስቀምጠው ሰፈሩ ይነሳ ነበር። ስልክ ሲሆን ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ስለዚህ ልጄ፣ ከመተግበሪያው በፊት ከዚህ ጀምሪ ነው ያልኳት። ቅሬው ማኅተምና ደብዳቤ ካለው ሲሙን በቅሬው ስም ለማውጣት ሞክሩ። ካልተቻለ በዳኛው፣ በቅሬው ሰብሳቢ ማለቴ ነው፣ ስም ይውጣና በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ቀፎው ከማኅተሙ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ይደር። ግሩፑ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት አድሚን ይኑረው። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ፖስታውን አሽጋችሁ፣ እሽጉ ላይ ሦስት ሰው ይፈርምበት። የድሮ አሠራር ነው፤ የካዝና ቁልፍ እንዲህ ነበር የምናስቀምጠው።

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ፣ ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ከተጠራጣሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጡኝ የፋብሪካ ልጆች ናቸው። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ በሺፍት የሚሠሩ ወጣቶች በየቅሬው ገብተዋል። መዋጮ የሚሰበሰበው እሁድ ጧት ነው። ልጅቷ የሌሊት ሺፍት አድራ ተኝታለች። በወሩ መጨረሻ የመዘግየት ቅጣት ይጻፍባታል። ከምትከፍለው መዋጮ ቅጣቷ የሚበልጥበት ወር ነበር። በስልክ መክፈል ሲፈቀድ ያ ሁሉ ቀረ። ኢንተርኔትም አያስፈልግም፤ *127# ብሎ በተራ ቀፎ ይላካል። ቴክኖሎጂ ጠቀመ የምለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ታዲያ እዚህም ያው ጥያቄ አለ፤ የሚገባው በማን ስም ነው? በገንዘብ ያዡ የግል ቁጥር እየተቀበሉ ያሉ ቅሬዎች አውቃለሁ። ሰውየው ታማኝ ነው እንበል። የዘይት ዋጋውንም የቅሬውንም ከአንድ ኪስ ሲያወጣ ግን ሒሳቡ መቼም አይለይም። አላህ አያድርገውና በድንገት ቢሞት ደግሞ ገንዘቡ ውርስ ውስጥ ይገባል፤ ቅሬው የራሱን ብር ለማውጣት ፍርድ ቤት ይመላለሳል። ባንክ ሂዱና በማኅበሩ ስም፣ በሦስት ሰው ጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ክፈቱ። አባሉ በስልኩ ወደዚያ ይላክ።

ደግሞ ስክሪንሾት አትመኑ። «ልኬያለሁ፣ ይኸው» ብሎ ያሳያችሁን ምስል ማንም በአምስት ደቂቃ ይሠራዋል። የገባውን በራሳችሁ ሒሳብ ላይ እዩት። የግብይት ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ገልብጡት። ለወረቀት ደረሰኝ እስካሁን ምትክ አላገኘሁለትም።

አሁን ስለ ኤክሴል ትንሽ ላውራ፤ ሙያዬ ነውና ታገሱኝ።

ኤክሴል የፈረንጅ ዘመን ቆጣሪ ነው። እኛ 30/2/2016 ስንል ጥቅምት 30 ማለታችን ነው። እሱ ግን ፌብሩዋሪ 30 አድርጎ ያነበዋል፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በፈረንጅ የለም። ስለዚህ ቀን መሆኑን ይተውና እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ያስጠጋዋል። በቀን ደርድር ስትሉት፣ ጥቅምት 30 የከፈሉት ሰዎች ከሁሉም በታች ወርደው ታገኟቸዋላችሁ። ጳጉሜንማ ጨርሶ አያውቃትም። 3/13 ብላችሁ ጻፉለት፤ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ ማርች 13 ያደርግላችኋል። እኔ ይሄን ያወቅሁት ሁለት ሌሊት አፍጥጬ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን በሦስት የተለያየ ዓምድ ጻፉ።

ስምም ሌላ ጣጣ አለው። እኛ ሰፈር መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሐመድ አንድ ሰው ነው። ኃይሉ በሦስት «ሀ» ይጻፋል። ማሽኑ ሦስት ሰው ነው ብሎ ይቆጥራል። በዚህ የተነሳ አንድ አባታችን ሁለት ቦታ ተመዝግበው፣ አንዱ ቦታ ላይ ባለዕዳ ሆነው ተገኙ። እሳቸው ስቀው አለፉት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ቅሬ ይቀይር ነበር። ለእያንዳንዱ አባል ቁጥር ስጡት። እንዲያውም አሮጌው መዝገብ ላይ ተራ ቁጥር አለው፤ እሱኑ ውሰዱ። አዲስ አትፍጠሩ። ሽማግሌዎቹ ቁጥራቸውን በቃላቸው ያውቁታል።

እስካሁን ያወራሁት የጽሕፈት ቤት ነገር ነው። የሚከብደው ጡሩንባው ነው።

የጡሩንባ ነፊውን ክፍያ እንቆጥብ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ግሩፕ ካለን ምን ያደርግልናል ብዬ ነው። ሞት በቴሌግራም ይነገር ተባለ፤ ጸደቀ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ሞቱ። ሌሊት ግሩፑ ላይ ተጻፈ፤ ነፍስ ይማር በነፍስ ይማር ሆነ፤ የሚያለቅሱ ትንንሽ ፊቶች ተደረደሩ። ቀብር ላይ የተገኘው ሰው ግን ከወትሮው ያነሰ ነበር። ያልመጣው ተቀጣ።

የወሩ ስብሰባ ላይ አንዲት አሮጊት ተነሱ። ከዳገቱ በላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሃምሳ ብር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ብሩ አራት ቦታ ታጥፎ ነበር። «ቅጣቴን እንኩ» አሉ። «የባልንጀራዬን ሞት የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው፣ ሱቅ ጨው ልገዛ ሄጄ። አርባ ዓመት አብረን ቡና የጠጣን ነን። እኔ ስልክ የለኝም። ለመሆኑ ይሄ ቅሬ የማን ነው?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ዳኛው ብሩን አንስተው በሁለት እጃቸው መለሱላቸው። እኔ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። በሳምንቱ ጡሩንባው ተመለሰ። ጧት ከጦሳ ተራራ የወረደ ጉም ሰፈሩን ሸፍኖት እያለ ያ ድምፅ ሲሰማ፣ ሞት ማርዳቱን አውቃለሁ፤ እኔን ግን ትንሽ ደስ አለኝ። አስተዛዛቢ ነገር ነው፤ ይቅር በሉኝ።

አሁን ሁለቱም አለን። ጡሩንባው ይነፋል፤ ራቅ ብለው ላሉት ኤስኤምኤስ ይላካል። መልእክቱን አሳጥሩት። በእኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ በላቲን 160 ነው። ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠርባችኋል። «ቀብር ነገ ቀን 6 ሰዓት። ድንኳን ተረኞች ጧት 12 ሰዓት ተገኙ» ከነስሙ ይበቃል። የሐዘን መግለጫውን ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ተናገሩት።

ወረቀቱን ለምን እንደማልጥል ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ጥቅምት 2014 ከተማችን በጦርነት ስትያዝ መብራቱም ኔትዎርኩም ባንኩም አንድ ላይ ጠፉ። ያኔም ሰው ይሞት ነበር፤ ያኔም ይቀበራል። የቅሬያችን መዝገብ በፌስታል ተጠቅልሎ የጤፍ ጆንያ ውስጥ ከረመ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ግሩፑ ዝም አለ። እና በየወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን አትሙት። አስፈርሙት። ሳጥን ውስጥ ክተቱት። ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም ወጪው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአባላት ዝርዝር ማለት ስም፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ማን መክፈል እንዳቃተው ጭምር ነው። ይሄን የሚፈልግ ነጋዴም ሌላም አይጠፋም። ፋይሉን ግሩፕ ላይ አትልቀቁት። በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1321 ነው። ሕጉ ባይኖርም የሰው ገመና ነው። መክፈል ያቃተውን ሰው ስም በቀይ ቀለም ለሁሉም ማሳየት የኔ ሞኝነት ነበር። ድሮ ጸሐፊው ጠጋ ብሎ በጆሮ ነበር የሚናገረው።

አሁን እኔ የቅሬያችን ጸሐፊ አይደለሁም። አንድ ወጣት ተክቶኛል። ባለፈው እሁድ የወሩን ሒሳብ ከስልኩ እያነበበ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ በአሮጌው መዝገብ ላይ በጣቴ እየተከተልኩት ነበር። መጨረሻ ላይ 60 ብር ተለያየን። እሱ «ስልኩ አይሳሳትም» አለ። እኔ «መዝገቡ አይሳሳትም» አልኩ። ሰዉ ቡና እየጠጣ ይጠብቀናል። ከላይ ጀምረን እንደገና ወረድን። ተራ ቁጥር 43 ላይ ስንደርስ ልጁ ቆመና አየኝ። በእጄ የጻፍኩት 1 ነበር፤ ላይኛውን ጫፍ ስቤው 7 መስሏል።

«ቀይ እስክሪብቶ አለህ?» አልኩት።